ሁለት ጊዜ ይጠይቃል

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ሠራሁ። ሦስት መነጽር ጨረስኩ፤ የአራተኛውን ሌንስ ማሽኑ ጫፉን ገመጠብኝ። ዓይን መርማሪው ከወዲያኛው ክፍል ሆኖ "ምን ተሰበረ?" አለኝ። "ልቤ" አልኩት። ሳቀ። በትንሽ በትልቁ የሚስቅ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረን የቆየነው ለዚህ ይመስለኛል።

ከሰዓት ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከታናሽ እህቴ ከሚጢ ጋር ወንዙ ዳር ቀጠሮ አለን። የኮምፒውተር ጌሙ ውስጥ ያለውን ወንዝ ማለቴ ነው... ሰፈሬ ያለው ቦይ ብቻ ነው። ለሥራ ሩቅ ከተማ ስትሄድ እሷ ናት ጌሙን ላፕቶፔ ላይ የጫነችልኝ። "እትዬ፣ ስልክ ስንደዋወል በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ ብቻ ነው የምትይኝ። እዚህ ቢያንስ አብረን እንሄዳለን" አለችኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። እሷ የት ደርሳለች፣ እኔ አሁንም ዓሣ አጠምዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር ጌሙ ብዙም አይገባኝም። ሰዉ ሁሉ ይቸኩላል። ከቁመቱ የሚበልጥ ጎራዴ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ማን እንደሚያባርረው እንጃ። ዘንዶው ዋሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ቅዳሜ ይገድሉታል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተነስቶ እንደገና ይጠብቃቸዋል። ያሳዝነኛል። መንደሩ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ፤ "ጀግናዬ፣ ያለ አንቺ ተስፋ የለንም" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ልቤ ተነክቶ ነበር። ኋላ ሳይ ለካ ለሁሉም ነው የሚለው። መቶ ሰው ተሰልፎ፣ ለመቶውም።

እኔ የምወደው ዓሣውንና ባርኔጣዎቹን ነው። ጌሙ ውስጥ አጭር ወፍራም ፈዋሽ ነኝ፤ የቆሰለውን አክማለሁ። አሥራ አንድ ባርኔጣ አለኝ። ሌቨሌ፣ ደረጃዬ ማለት ነው፣ ሃያ ሁለት ነው፣ የሚጢ አርባ አምስት።

ዛሬ ሃያ ደቂቃ አብራኝ ቆየች። ከዚያ "እትዬ ልሂድ፣ ይጠብቁኛል።"

እነማን ናቸው የሚጠብቋት? እኔስ ሳምንቱን ሙሉ ምን ሳደርግ ነበር?

ጥቅምት 6

ልብስ አጠብኩ። ሚጢ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ። "እትዬ ቻው" ብላ ከእኔ ጋር ያለውን የድምፅ መስመር ሳትዘጋ ወደነሱ ዞረች። መዝጋት ነበረብኝ... አልዘጋሁም። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ።

የሆነች ትልቅ ሴት ድምፅ፣ ጎርነን ያለ። ሚጢ "አንቺ ጅል፣ ከእሳቱ ውጪ አልኩሽ እኮ" ትላታለች። ሴትየዋ "ጅልስ አንቺ፣ ራስሽ ነሽ የገፋሽኝ።" ከዚያ ሳቅ። ሚጢ ስትስቅ መጨረሻ ላይ እንደ ስቅታ ያደርጋታል። ይህን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ? ትምህርት ቤት እያለች ይመስለኛል፣ እሱም ከጓደኞቿ ጋር በር ላይ ቆማ።

ከእኔ ጋር እንዲህ ናት፤ "እሺ እትዬ። አዎ እትዬ። በልቻለሁ እትዬ።"

እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ ሃያ አንድ። ጸጉሯን ያበጠርኩ እኔ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ይምጣ ሲባል የሄድኩ እኔ፣ ስትታመም ቁጭ ብዬ ያደርኩ እኔ። ታዲያ ሳቁ ለሴትዮዋ ሆነ?

ጌሙ ውስጥ ስሟ ጉጉት ነው። ሚጢ አብራ የምትዘምትበት ማኅበር ውስጥ ያለች ጠንቋይ ናት፤ ከራስ እስከ እግሯ ሰማያዊ የምትለብስ። ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። 

ጥቅምት 15

ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው የዋለው። ለአንድ ሾፌር የሁለቱን ዓይኖቹን መሀል ርቀት ስለካ ቁጥሩን ጽፌ፣ ሰርዤ፣ እንደገና ጽፌ... መርማሪው "ዛሬ ምን ነክቶሻል?" አለኝ። "ምንም" አልኩት።

ማታ ለሚጢ ደወልኩ። እንደ ዋዛ አድርጌ "ጉጉት የምትባለው ማናት?" አልኳት።

"ጓደኛዬ ናት።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"እንጃ፣ ሃምሳ ምናምን። ጫማ ቤት ነው የምትሠራው።"

"የሃምሳ ዓመት ሴት ጌም ውስጥ ምን ትሠራለች?"

"አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እትዬ?"

 በላሽ ወይ ብያት ዘጋሁት።

ጥቅምት 17

ጉድ ነው። ሚጢ ራሷ ደወለች። ፈዋሻቸው ጣቱን ሰብሯል፤ ለዘንዶው ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ጎደላቸው። "እትዬ፣ አንቺ ነይልን። ሌቨልሽን አብረን እናወጣዋለን፣ በሁለት ሳምንት ይደርሳል።" እኔን? ዓሣ አጥማጇን?

እንደዚህ የተጨነቁት ለጉጉት ነው። ዘንዶው ሲሞት ሣጥን ይተዋል፤ ሣጥኑ ውስጥ አልፎ አልፎ አንድ በትር ይወጣል። ጉጉት ያንን በትር ሰባት ወር ጠብቃለች። በየቅዳሜው ይገድሉታል፣ በየቅዳሜው አይወጣም። "በጣም ኃይለኛ ነው እንዴ?" አልኳት። "ኧረ፣ ከቀሚሷ ጋር ስለሚሄድ ነው" ብላ ሳቀች።

እሺ አልኳት። ለበትሩ መሰላት። እኔ እሺ ያልኩት ለሁለቱ ሳምንት ነው።

ጥቅምት 22

ከሥራ እንደወጣሁ በየቀኑ እንገናኛለን። ጫካ ውስጥ ተኩላ እንገድላለን፣ ሚጢ ከፊት እኔ ከኋላ። ስትቆስል አክማታለሁ። "እትዬ ጎበዝ" ትለኛለች። ዛሬ ገደል ስር ተንሸራትቼ ወደቅኩ፤ ልታወጣኝ ስትመጣ እሷም ወደቀች። ሁለታችንም ሞትን። ሳቀች። ሙሉውን ሳቅ ግን አይደለም፣ ስቅታው የለበትም። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ጉጉትም ትመጣለች እንግዲህ። ማን ጠራት? ሰባት ጊዜ አስተማረችኝ፤ የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደምነካ፣ የት እንደምቆም። ሰባቱንም ጊዜ ረጋ ብላ። "አይዞሽ፣ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ መሬት ላይ ተጋድሜ ነው ያሳለፍኩት" አለችኝ። ባርኔጣ እንደምወድ ሚጢ ነግራታለች፤ አንድ ላከችልኝ፣ ላባ ያለበት። አሥራ ሁለተኛዬ ነው። ያምራል።

ክፉ ብትሆን እኮ ቀላል ነበር። ደግነቷ ነው የሚያናድደኝ።

ጥቅምት 30



ዛሬ ሚጢ ከመምጣቷ በፊት እኔና ጉጉት ብቻችንን ነበርን። ስለ ጫማ እያወራን... ደህና ጨዋታ ይዘን። መሀል ላይ "ሚጢ መልቀቂያዋን ካስገባች ወዲህ ድምፅዋ እንዴት እንደቀለለ ሰማሽ?" አለችኝ።

ምን መልቀቂያ? 

"አዎ" አልኳት። እንደሚያውቅ ሰው። "አዎ፣ በጣም።"

እዚያ ከተማ የውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ የያዘችውን ሥራ እኔ ነኝ ያስገኘሁላት። የዓይን መርማሪውን አጎት ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቼ። ያንን ሥራ ለቃ እኔ ከጫማ ሻጭ ልስማ? ያውም ከማላውቃት፣ መልኳን አይቼ ከማላውቅ ሴት?

ሚጢ መጣች። "እትዬ ሰላም ዋልሽ?" "ደህና።" "ሥራ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ደህና ነው እትዬ።"

ደህና ነው።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ዘንዶውን ገደልነው። እኔ አላየሁትም። ፈዋሽ የሚያየው የስምንት ሰው ነፍስ የሚያሳይ ስምንት አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው፤ ሲያጥር ትሞያለሽ፣ ሲያጥር ትሞያለሽ። "ሞተ" ሲሉ ቀና ብዬ ጅራቱን አየሁ።

ከመግባታችን በፊት ማኅበሩን የሚመራው ሰው ደንቡን ነግሮናል። ጢሞ ይሉታል፤ ድምፁ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው። በትሩ ከወጣ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁልፍ ይመጣል፤ "ያስፈልገኛል" እና "ይቅርብኝ።" በትር መያዝ የምንችለው እኔና ጉጉት ብቻ ስለሆንን ነገሩ እኛን ይመለከታል። እሷ ያስፈልገኛል ትላለች፣ እኔ ይቅርብኝ እላለሁ። ሁለት ሰው ያስፈልገኛል ካለ ግን ዕጣ ይወጣል። ከአንድ እስከ መቶ ትልቁ ቁጥር የወጣለት ይወስደዋል፤ ከወሰደው በኋላ ለማንም መስጠት አይቻልም፣ እስከ ዘላለሙ የሱ ነው። ሚጢም ለብቻ ደግማ ነገረችኝ፤ "እትዬ፣ ይቅርብኝ የሚለውን። በግራ በኩል ያለውን።"

ሣጥኑ ተከፈተ። ወጣ።

 ሚጢ ጮኸች። "ወጣልሽ! አንቺ፣ ወጣልሽ እኮ!" አለቀሰች መሰለኝ። ሳቋ መጣ፣ ከነስቅታው። ጉጉት ደግሞ "ሚጢዬ፣ ሚጢዬ" ትላለች፤ ሌላ ቃል የጠፋት ይመስል።

ያስፈልገኛል አልኩ።

ጉጉት ስልሳ አንድ ወጣላት። እኔ ዘጠና አራት።

 "እትዬ..." አለች ሚጢ። "ጣቴ ስቶ ነው" አልኩ። ጢሞ "ይጠይቃል እኮ፤ ከመውሰድሽ በፊት እንደገና ይጠይቃል" አለ። "አላየሁትም፣ ቶሎ ቶሎ ነካካሁት።" ሌላ አንድ ሰው ሌባ አለኝ። ሚጢ "ተዉአት። ጀማሪ ናት። እህቴ አትዋሽም" አለች።

ጉጉት "ግድ የለም" አለች። "ግድ የለም... ቅዳሜ ሌላም አለ።" ወጣች።

ኅዳር 4

ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። ታዲያ ትናንት "ጣቴ ስቶ ነው" የሚለውን ሳላስተባብል የጻፍኩት ለማን ብዬ ነው?

ጣቴ አልሳተም። ያስፈልገኛልን ስትነኪ ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ የጥያቄ ሣጥን ይመጣል። "ይህ ዕቃ ከአንቺ ጋር ይታሰራል። እርግጠኛ ነሽ?" ይላል። አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዎ አልኩ። ሚጢ እየሳቀች ነበር፣ እኔ ደግሞ ሳቁ እንዲቆም ፈለግኩ። ያ ብቻ ነው። በትሩ ትዝም አላለኝ።

ሚጢ አምናኛለች። በዚያ ጩኸት መሀል ሁለት ጊዜ እንደሚጠይቅ ማን ያስታውሳል?

ወንዙ ዳር ሄድኩ። በትሩ ሰማያዊ ብርሃን አለው። ሰዎች ቆመው አዩኝ፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። እንዲህ ያለ ክብር ዓሣ ሳጠምድ አግኝቼ አላውቅም። ደስ አይልም ብል ውሸት ነው።

ኅዳር 6

ሚጢ ደወለች። "ከማኅበሩ ወጣሁ።"

"ለምን?"

"ሌባ አሉሽ። ቁጭ ብዬ ልስማ?"

"ጉጉትስ?"

"እሷ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ስልኳን የማላነሳው። አፍሬ።"

ምን እንደተሰማኝ ልጻፍ? ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ሚጢ የእኔ ሆነች።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጣች። እስከ አሥራ ሁለት ቆየች። ሦስት ሰዓት ሙሉ። "ይጠብቁኛል" የለ፣ "ልሂድ" የለ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ዓሣ አጠመደች። ስታወጣ መልሳ ትጥላለች።

ብዙም አላወራንም። መሀል ላይ "እትዬ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"ምን እነግርሻለሁ? ምሳ በላሽ?"

"በልቻለሁ እትዬ።"

ስለ ሥራዋ አልነገረችኝም። ትንገረኝ ብዬ እጠብቃለሁ። እኔ አልጠይቃትም... ለምን እጠይቃለሁ? ለጉጉት ሳትጠየቅ የነገረቻትን ነገር።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ዛሬም እስከ አሥራ ሁለት። ዛሬም ዝም። ዝናቡን እንይ ብዬ ኮረብታው ላይ ወሰድኳት፤ ጌሙ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ቅጠሉ ይጮሃል፣ እኔ እወደዋለሁ። "ያምራል" አለች። ቢሮ ውስጥ ለአለቃ እንደሚባለው ያለ ያምራል።

"ምን እያሰብሽ ነው?" አልኳት።

"አንቺስ እትዬ?"

"ምንም።"

ያገኘሁት ይህን ነው እንግዲህ። ሦስት ሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ የእኔ፣ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ። ከእነሱ ጋር በነበረች ጊዜ የምትሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20

ሾፌሩ መነጽሩን ይዞ ተመልሶ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱን አሞታል፤ መሪውን ሲይዝ መንገዱ ይንጋደድበታል። መርማሪው እንደገና ለካ። አራት ሚሊ ስቻለሁ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ የዚያን ቀን ልቤ እዚህ አልነበረም" አልኩት። ሾፌሩ "እሺ፣ ሰው ነሽ" ብሎ ቁጭ አለ፣ ሌላ ሠርቼ ሰጠሁት። በቃ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለማላውቀው ሰው እንዲህ የሚቀል ነገር ለእህቴ ለምን እንዲህ ይከብደኛል?

ቤት ስገባ ጌሙ ውስጥ ደብዳቤ ቆየኝ። ከጉጉት።

"ሚጢ ደህና ናት ወይ? ስልኳን አታነሳም። አሁን ሥራም የላትም፣ ቤት ብቻዋን ናት፣ አስባለሁ። በትሩን እርሽው፣ ስለሱ አይደለም የምጽፍልሽ። እባክሽ ደህና ናት በይኝ።"

አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስድብ ፈለግኩበት፣ አጣሁ። ሥራ እንደሌላት፣ ብቻዋን እንደሆነች... እኔ ምሳ በላሽ ወይ ስላት ከርሜያለሁ።

"ደህና ናት" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። አልላክሁም።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ወንዙ ዳር ነበርን። ዓሣ አወጣች፣ መልሳ ጣለች። ማይኩ ላይ ጉሮሮዬን ስንት ጊዜ እንደጠረግኩ እንጃ። "ሚጢ፣ የዚያን ቀን ጣቴ አልሳተም።"

መንጠቆዋን ከውኃው አወጣች።

"አውቄ ነው የወሰድኩት።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁለት ጊዜ ይጠይቃል እኮ እትዬ።"

 ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ታውቃለች። እያወቀች ነው እህቴ አትዋሽም ያለችው፣ እያወቀች ነው ማኅበሯን የጣለችው።

"ታዲያ ለምን...?"

"ምን ልበላቸው? እህቴ ሌባ ናት ልበል? ለሰው አንቺን አሳልፌ አልሰጥም። ግን ለእኔ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እዚህ ተጎልቼ ጠበቅኩሽ። እኔ ዓሣ ማጥመድ ሲያስጠላኝ።" ድምፅዋ ተሰበረ። ሚጢ ስታለቅስ አውቃለሁ፣ ቃላቱን መሀል ላይ ትቆርጣቸዋለች።

ያኔ እኔም ያበጠውን አፈረጥኩት። "ሥራሽን እንደለቀቅሽ ከእሷ ነው የሰማሁት። ከጫማ ሻጭ። እኔ አሳድጌሽ።"

"ለዚህ ነዋ ያልነገርኩሽ። አሳድጌሽ ትያለሽ፣ ለምኜ አስገብቼሽ ትያለሽ። ለአንቺ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ሁለት ቀን አለማመዳለሁ እትዬ። ለሷ ዝም ብዬ ነው የምነግራት። አትቆጣኝም። አታለቅስብኝም።"

"እኔ መቼ አልቅሼ አውቃለሁ?"

"ታለቅሻለሽ። በር ዘግተሽ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እንጂ ደንቆሮ አልነበርኩም።"

 ሁለታችንም ውኃውን አየነው።

ከመሄዷ በፊት "ለእኔ መንገርሽ አይበቃም፤ ለሷ ንገሪያት" አለች። አልተሰናበተችኝም።

ኅዳር 28

አልደወለችም። እኔም ምን ብዬ... 

መርማሪው "ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለኝ። ቢስቅ ይሻል ነበር፣ ዛሬ ግን አልሳቀም።

ታኅሣሥ 1፣ ቅዳሜ

ዋሻው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። መጡ። ጢሞ "ምን ፈለግሽ?" አለኝ። አንድ ደቂቃ ስጡኝ አልኩ። ስድስት ሰው ፊት፣ ማይክ ከፍቼ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ...

"በትሩን በስህተት አይደለም የወሰድኩት። አውቄ ነው። ሚጢ እኔን ለመሸፈን ነው የተሟገተቻችሁ። እሷን መልሷት።"

ያ ሌባ ያለኝ ሰው "አላልኳችሁም?" አለ። ልክ ነው፣ ብሏል።

 ጉጉት "ለምን?" አለች፣ ያንን ብቻ።

"ቀንቼብሽ።"

"በእኔ?"

"ከአንቺ ጋር ትስቃለች። ከእኔ ጋር አትስቅም።"

ያ ጎርናና ሳቋ መጣ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ሊያፍናት እስኪደርስ። "ሰባት ወር ጠብቄ በትር አጣሁ፤ በሃምሳ አራት ዓመቴ ግን የሚቀናብኝ ሰው አገኘሁ። ባሌ እንኳን ቀንቶ አያውቅም።" ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳቋን ስትጨርስ "ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ገና ነኝ" አለች። እሺ አልኳት።

ጢሞ ማኅበሩ ውስጥ አትገቢም አለ። ሚጢ ግን ትመለስ። ጉጉት ጣልቃ ገባች፤ የተሰበረው ጣት ገና አልዳነም፣ ፈዋሽ የለንም፤ "በትሩ እንደገና እስኪወጣ በየቅዳሜው መጥታ ታክመን። እስከፈለገው ይፍጅ።" ከዚያ ለእኔ፤ "የሰጠሁሽን ባርኔጣ ደግሞ መልሺ።"

እዚያው አውልቄ ሰጠኋት።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። አከምኩ። አልወጣም። ሚጢ ሰላም አለችኝ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ጉጉትን "አንቺ ጅል" አለቻት። ሰማሁ። የጉጉት መስመር ሲያጥር ደግሞ ሞላሁት።

ታኅሣሥ 22፣ ቅዳሜ

አልወጣም። ጣቱ የተሰበረው ሰውዬ ድኖ መጣ፤ ጉጉት ግን "እሷ ትጨርስ" አለች። ቅጣት ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም።

ዓሣ ካጠመድኩ ወር ሊሆነኝ ነው።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

ሚጢ አልመጣችም፤ አዲስ ሥራ ለማግኘት ፈተና ላይ ነበረች። ይህንን ከራሷ ነው የሰማሁት፣ በአጭር መልእክት። እሷ ባትኖርም ሄድኩ። ከጉጉት ጋር ስለ ጫማ አወራን። የግራ እግሬ ከቀኙ እንደሚበልጥ ስነግራት "የሁሉም ሰው ነው፣ ለደንበኛ ግን አይነገርም" አለችኝ። አልወጣም።

ጥር 14፣ እሑድ

ትናንትም አልወጣም። ስድስተኛ ቅዳሜዬ ነው። ዘንዶውን አሁን አየዋለሁ፤ መስመሮቹን ሳላይም እጄ ያውቀዋል። አንድ ዓይኑ ትንሽ ሸውራራ ነው፣ መነጽር ያስፈልገዋል።

ዛሬ ረፋድ ላይ ብርጭቆ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ሚጢ። እጄን ሳልጠርግ አነሳሁት። በላሽ ወይ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አንድ ሰው አለ" አለችኝ።

"ምን ዓይነት ሰው?"

"አግብቶ የፈታ። የሰባት ዓመት ልጅ አለችው። እሺ፣ አሁን ተቆጪ።"

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። የምለው ሁሉ ተሰልፎ ምላሴ ላይ መጣ፤ ፈቶ ነው? ለምን ፈታ? ልጅቷን ማን ያሳድጋል? አንቺ ገና ሥራ ሳትይዢ? ሃያ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነው፣ አንዱንም አላጣሁትም። ዋጥኩት። 

"ምን ይሠራል?" አልኳት።

"አሳንሰር ጠጋኝ ነው።"

"ታዲያ ሲወጣ ሲወርድ የሚውል ሰው ልቡ አንድ ቦታ ይረጋል?"

 ተቀየመችኝ ብዬ ስፈራ ሳቀች። ከልቧ፣ ስቅ እስኪላት። እኔም ሳቅኩ፣ ውኃው እየፈሰሰ። ቧንቧውን መዝጋት ረስቼ።

አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ቁመቱን፣ ልጅቷ እሷን አይታ ከበር ኋላ እንደተደበቀች፣ እሷ ደግሞ ከዚያች ልጅ ይበልጥ እንደፈራች። እየፈራች እንደሆነ ነገረችኝ። ለእኔ።

ልትዘጋው ስትል ጥያቄው መጣ። ለጉጉት ነግረሻታል? ከእኔ በፊት ነው ወይስ ከእኔ በኋላ? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ጥርሴ ጋ።

አልጠየቅኳትም።